አኩራፊዋ ጀልባ የታረቀችበት ቀን

አራት ወታደሮች አንዲት አሮጊት እመቤት ከነወንበራቸው ተሸክመው ወደ ባሕሩ ዳር ቁልቁል ሲሮጡ፣ ሸራ ሰፊዋ አዲስ የጠቀመችውን ሸራ ጠርዝ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች ነበር። ወንበሩ መደገፊያው ረጅም የሆነ የመኳንንት ወንበር ነው። እመቤቲቱ የእጅ መደገፊያዎቹን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። በየእርምጃው ይንገላታሉ፤ ግን አንድም ጊዜ ቀስ በሉ አላሉም። ከኋላ አንድ ሻለቃ የጎራዴው ሰገባ ባቱን እየመታው ይከተላል። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ለጥፎበታል።

ሻለቃው ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይሰጥ ጀልባ ጠየቀ።

ጀልባ አልነበረም። ትልልቆቹን ንጉሡ ለጦርነቱ ወስደዋቸዋል፤ የዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጥልቁ ወጥተው እስከ ማታ አይመለሱም። በባሕሩ ዳር የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የሸራ ሰፊዋ ባል፣ ጀልባ ሠሪው፣ አምና ሠርቶ ጨርሷት እስካሁን ገዢ ያጣላት ባለ ሁለት ምሰሶ ጀልባ ናት። መልኳስ ያማረ ነው፤ ሆዷ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ አፍንጫዋ ሹል። ጠባይዋ ግን ለጉድ ነው። ነፋስ ከጎን በመታት ቁጥር መንገዷን ትታ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። መሪዋን የያዘ ሰው ሁሉ ክንዱ እስኪዝል ይታገላታል። የመንደሩ ሰው «አኩራፊዋ» አላት፤ ስሟም እሱ ሆኖ ቀረ።

ጀልባ ሠሪው እሷ ለዚህ ጉዞ እንደማትሆን ለማስረዳት ሞከረ። ሻለቃው ግን የመጣበትን ነገር ቆርጦ ነገራቸው። ከዋናው ከተማ ወደብ አፍ ላይ፣ በደሴቱ የተሠራው ምሽግ አዛዥ በንጉሡ ላይ አምጿል። እናቱ ለልጃቸው ታማኝነት መያዣ ተብለው በንጉሡ ግቢ ሲኖሩ ነበር፤ አሁን ግን ታንቀው ተገደሉ የሚል ወሬ ደረሰው። ወሬው ሐሰት ነው። እናቱ እኚሁ በወንበሩ ያሉት እመቤት ናቸው፤ በሽታ ጠንቶባቸው አየር ይለውጡ ተብሎ በስተደቡብ ወዳለ የገጠር ቤት ተወስደው ነበር። አዛዡ ግን ይህን የነገረውን ሁሉ ውሸታም እያለ መለሰ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቱን በዓይኑ ካላየ፣ የምሽጉን መድፎች ከባሕሩ ወደ ከተማው አዙሮ እንደሚተኩስ ምሏል። በየብስ እንዳይሄዱ ደግሞ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶታል።

ሸራ ሰፊዋ «ወደ ከተማው» ከሚለው ቃል በኋላ የሰማችው የለም። ከምሽጉ ትይዩ፣ ከውሃው ጥግ ባለው የታችኛው ሰፈር፣ የእሷና የጀልባ ሠሪው አንዲት ልጅ ባል አግብታ ትኖራለች። አራስ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ከአልጋ መነሳት ገና አልጀመረችም። ሸራ ሰፊዋ ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ስለዚህች ጀልባ ከተሠራች ጀምሮ ሲጨቃጨቁ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ «ያበላሻት ሸራሽ ነው» ይላል፣ እሷ «ቀፎህ ነው» ትላለች፣ የጀልባዋን የእንጨት ገላ ማለቷ ነው፤ ምሳ ላይ ተጀምሮ እራት ላይ የሚቀጥል ጭቅጭቅ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ጭቅጭቁ ቀረ። እሱ ጀልባዋን የደገፏትን ግንዶች ሊያነሳ ሄደ፤ እሷ ሸራዎቹን ልታወጣ ወደ መጋዘኑ ገባች።

መሪውን የያዘው የሸራ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ነው። ትከሻው የበሬ ነው፤ በዚያ ጠረፍ ካሉት መሪ ያዦች ሁሉ በጉልበት የሚስተካከለው የለም ይባል ነበር። የእመቤቲቱን ወንበር ከትልቁ ምሰሶ ሥር በገመድ አሰሩት። ሻለቃው ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ገባ። አንደኛው ገና ከዳር ሳይርቁ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ከጠርዙ ላይ ተደፋ፤ ቀኑን ሙሉም ከዚያ ብዙ አልተነሳም።

ነፋሱ ከግራ፣ ከክፍቱ ባሕር በኩል፣ ትንሽም ከፊት የሚመጣ ነበር። መንገዳቸው ወደ ሰሜን ነው። በቀኝ በኩል ዓለታማው ጠረፍ እንደ ጥርስ ተደርድሮ አብሯቸው ይሄዳል። ሦስቱንም ሸራዎች ሰቀሉ፤ በትልቁ ምሰሶ ላይ ትልቁን፣ በኋላው አጭር ምሰሶ ላይ የኋላውን፣ ከአፍንጫዋ ላይ ደግሞ ትንሹን ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ። ሸራዎቹ ነፋስ ሞልተው ሲነፉ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ጋደል አለችና ተነሳች። ወዲያው አመሏ መጣባት። አፍንጫዋ ቀስ እያለ ወደ ግራ፣ ወደ ነፋሱ መዞር ጀመረ።

ወንድምየው የመሪውን እጀታ ወደ ደረቱ ሳበ። አፍንጫዋ ተመለሰ። ትንሽ ላላ ሲያደርግላት ደግሞ ዞረች። እንደገና ሳበ። በዚህ ዓይነት ጥቂት ከሄዱ በኋላ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። ያልታመመውን ወታደር ጠርቶ እጀታውን ለሁለት ያዙት። ይህችን ጀልባ ከመምራት ይልቅ የተጣሉ አማቶችን ማስታረቅ እንደሚቀለው ለወታደሩ ነገረው። ወታደሩ ለመሳቅ ትንፋሽ አልነበረውም።

እመቤቲቱ ፊታቸው ወደ ኋላ ስለነበር ሁሉንም ያያሉ። ለረጅም ጊዜ የሁለቱን ሰዎች ትግልና ከጀልባዋ ኋላ እንደ ፈላ ድስት የሚንተከተከውን ውሃ ሲመለከቱ ቆዩ። በመጨረሻ ሸራ ሰፊዋን በጣታቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ይህች ጀልባ ትሄዳለች ወይስ እየተጎተተች ነው?»

ሸራ ሰፊዋ በእጇ ወደ መሪው ጠቆመች። የመሪው ሳንቃ ከኋላ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ጀልባዋን የሚያዞር መሆኑን፣ እሷ ወደ ግራ እንዳትዞር ሲባል ሳንቃው ያለማቋረጥ ተጣሞ መያዝ እንዳለበት፣ የተጣመመ ሳንቃ ደግሞ ውሃውን እያረሰ እንደሚይዛት ነገረቻቸው። እየተናገረች ሳለ ነገሩ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ነፋሱ ወደ ፊት እየሳባት እነሱ ከኋላ እየያዟት ነው የሚሄዱት። ወደ ፀሐይዋ ቀና ብላ አየች። በዚህ አካሄድ አይደርሱም።

ያኔ ነው ከኋላ የብረት ድምፅ የተሰማው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ጥርስ የሚያፋጭ።

ጀልባ ሠሪው በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱን ከጠርዙ ወደ ታች ሰዶ አየ። ሲነሳ ፊቱ ተለውጧል። የመሪውን ሳንቃ ከጀልባዋ ጋር ካያያዙት ሁለት የብረት ማጠፊያዎች የላይኛው ተሰንጥቋል። ትግሉ በዚህ ከቀጠለ የታችኛውም አይቆይም። መሪ ከሌላት ደግሞ በቀኝ ያለው ዓለት የሁሉም ማረፊያ ይሆናል።

ወንድምየው ሸራ ቢበዛ እንጂ መቀነስ የለበትም አለ፤ ብረቱ ሳይለቅ እንሩጥበት ነው ሐሳቡ። ጀልባ ሠሪው ሁሉም ነገር የመጣው ከሸራው ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሸራ ሰፊዋም መልሷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ልጇ ትዝ አለቻትና ዋጠችው። በምትኩ ከዚህ በፊት ጠይቃው የማታውቀውን ነገር ጠየቀችው።

«ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ቆማ ሳለች በዘንግ ወደ ጎን ስትገፋት፣ ሳትዞር እንዳለች የምትሄደው የቱ ጋ ስትገፋት ነው?»

ጀልባ ሠሪው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ጀልባ ከሠራ ጀምሮ ሁሉንም ውሃ ባስገባቸው ቀን እንዲያ ገፍቶ ይፈትሻቸዋል። አፍንጫዋ አጠገብ ከገፏት አፍንጫዋ ይሄዳል፤ ጅራቷ አጠገብ ከገፏት ጅራቷ ይሄዳል፤ በመካከል አንድ ቦታ ግን አለ፣ እዚያ ሲገፏት ሁለንተናዋ አንድ ላይ ፈቀቅ የሚል። ውሃው ቀፎዋን ጨብጦ የያዛት እዚያ ላይ ነው። ከትልቁ ምሰሶ ወደ ፊት አለፍ ብሎ ሄደና በእግሩ ወለሉን መታ።

«እዚህ ጋ።»

ሸራ ሰፊዋ ደግሞ ሸራዎቹን ቀና ብላ አየች። የእያንዳንዱ ሸራ ሆድ የት እንደሆነ፣ ነፋሱ የሚሰበሰበው የት ላይ እንደሆነ ሳይነግሯት ታውቃለች፤ ቆርጣ የሰፋቻቸው እሷ ናት። ትልቁ ሸራ በመሃሉ ይስባል፤ የኋላው ከወንድሟ ራስ በላይ ይስባል፤ የአፍንጫው ትንሽ ነው፣ ኃይሉም ትንሽ ነው። ሦስቱን ባንድ ገመድ ጠቅልሎ የሚስብ አንድ እጅ ቢኖር የት ላይ እንደሚቆም በዓይኗ ለካች። ከዚያ ወደ ኋላ ተራመደችና ከትልቁ ምሰሶ ባሻገር፣ ራቅ ብላ ቆመች።

«ነፋሱ የሚገፋት እዚህ ጋ ነው» አለች።

ባልና ሚስት በወለሉ ላይ እንደ ቆሙ ተያዩ። በመካከላቸው ምሰሶው፣ የእመቤቲቱ ወንበርና ብዙ ባዶ ሳንቃ ነበር። ውሃው እዚያ ይዟታል፣ ነፋሱ እዚህ ይገፋታል። በር በማጠፊያው ተይዞ በዳሩ ሲገፉት ምን ያደርጋል? ይዞራል። ጀልባዋም ዞረች። ያኮረፈችው በማንም አልነበረም።

«ሸራሽ ምንም አልሆነም» አለ ጀልባ ሠሪው ቀስ ብሎ።

«ቀፎህም ምንም አልሆነም። አልተገናኙም እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ ይህን ጊዜ ግን ጭቅጭቅ አልነበረም። የኋላው ሸራ ቢታጠፍ የነፋሱ ግፊያ ወደ ፊት ይመጣል። ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከአፍንጫዋ ሥር የተከመሩት የሚዛን ድንጋዮች ወደ ኋላ ቢዘዋወሩ አፍንጫዋ ከውሃው ብቅ ይላል፣ ጅራቷ ይጠልቃል፤ ውሃው የያዘበት ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ድንጋዮቹን ወደ ፊት የከመራቸው ራሱ ጀልባ ሠሪው ነበር፤ አፍንጫዋ ከከበደ ለመዞር ትሰንፋለች ብሎ። ክብደቱ ግን ውሃው አጥብቆ እንዲይዛት ብቻ ነው የረዳው።

ወንድምየው አልተዋጠለትም። ሰዓት እየበረረ፣ ሸራ አውርዱ ድንጋይ ተሸከሙ የሚል ሰው እብድ ነው አለ። እህቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያከብራታል፤ ግን በመሪው ጉዳይ የሚያዘው እሱ ነው። ሁሉም ወደ ሻለቃው ዞሩ።

ሻለቃው ባሕር አያውቅም፤ አለማወቁንም አልደበቀም። ወደ ሸራ ሰፊዋ ቀረብ ብሎ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት።

«እርግጠኛ አይደለሁም ጌታዬ» አለችው። «እንዲህ ከቀጠልን እንደማንደርስ ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ሻለቃው ጎራዴውን ፈታ፤ ባለ ወርቅ ቁልፍ ካባውን አውልቆ በእመቤቲቱ ጭን ላይ አኖረው። ከዚያም ድንጋዮቹ ወዳሉበት ጎንበስ ብሎ ገባ።

ሸራዎቹን ነፋስ እንዳይዙ ፈቱላት፤ ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ እየተወዛወዘች ቆመች። ሻለቃውና ወታደሩ ድንጋዮቹን እያቀበሉ፣ ጀልባ ሠሪው ከኋላ እየደረደራቸው፣ ሸራ ሰፊዋ የኋላውን ሸራ ግማሹን አጥፋ በጠፍር ስታስር፣ ሥራው ካሰቡት በላይ ፈጀ። ጠረፉ በቀኝ እየቀረበ መጣ። ማዕበሉ ዓለቱ ላይ ሲፈነዳ ነጩ አረፋ በግልጽ ይታያል። ወንድምየው እጀታውን እንደያዘ ዓይኑን ከዓለቱ አላነሳም።

ከዚያም ገመዶቹን ሳቡ። ሸራዎቹ ተንጫጭተው ነፋስ ያዙ።

መጀመሪያ ላይ ልዩነቱን የነገራቸው ድምፅ ነው። ከኋላ የነበረው መንተክተክ ጠፋ። በምትኩ ከሆዷ ሥር ጨርቅ በስለታም መቀስ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ለስላሳ፣ ያልተቋረጠ ድምፅ መጣ። ወንድምየው አመሏ እስኪመጣባት ደረቱን ነፍቶ ጠበቀ። አልመጣባትም። ወታደሩን ልቀቅ አለው። ትንሽ ቆይቶ አንድ እጁን ከእጀታው አነሳ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ብቻ ያዘው፣ ሙቅ ነገር እንደሚነካ ሰው። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

ጀልባዋ ሄደች። ማንም ሳይዛት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ የሰሜኑን አድማስ ዓይኗ ውስጥ እንዳስገባች ቀጥ ብላ ሄደች። ማዕበል አፍንጫዋን ትንሽ ወደ ግራ ሲገፋው ራሷ ትመልሰዋለች፤ ነፋሱ ለቀቅ ሲል ራሷን ታቃናለች። ሸራዋ ቀንሶ ሳለ ፍጥነቷ ጨመረ። ዓለቶቹ በቀኝ ወደ ኋላ ይሮጡ ጀመር።

ወንድምየው እጆቹን አየ፤ ከዚያ ጀልባዋን አየ፤ ከዚያ እህቱን አየ። በዚያ ጠረፍ አድጎ፣ በመሪ ላይ ጎልምሶ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ማለት የሚታገሉት እንስሳ ነው ብሎ ያምን ነበር።

«እታለም» አለ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ይመስል። «ምንም አትፈልግም እኮ። ከኔ ምንም አትፈልግም።»

ጀልባ ሠሪው ከወለሉ ላይ ተቀምጦ መዳፉን በሳንቃው ላይ አድርጎ ነበር። እንጨቱ ሥር የሚያልፈው ውሃ በእጁ ይሰማዋል። ሸራ ሰፊዋ የኋላውን ሸራ ገመድ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ነፋሱ ዓይን የለውም፤ ውሃውም የማንም ወዳጅ አይደለም፤ ሁለቱ ጨካኝ ነገሮች ናቸው። ግን አሁን ከእግሯ ሥር በሆነች አንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተው፣ አንዱ ሌላውን ይዞ፣ ይህን ሁሉ እንጨትና ሰው በጣት ጫፍ እንደሚያስኬዱት ታያለች። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ካለ፣ ስንት ሌላ የማታውቀው ነገር ይኖር ይሆን? መርፌ ይዛ ካደገችበት ቀን ጀምሮ በእጇ የነበረ ነገር ነው፤ አሁን ነው ያየችው።

እመቤቲቱ የሻለቃውን ካባ እንደታቀፉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሸራ ሰፊዋ የተኙ መስሏት ጠጋ ስትል፣ እንዳልተኙና እያዳመጡ እንደሆነ ነገሯት።

እስከ ተሲያት ድረስ በዚህ ዓይነት ሄዱ። ሸራ ሰፊዋ በመንገድ ላይ በያዘችው ገመድ ትሞክር ነበር። የኋላውን ሸራ ትንሽ ሰብሰብ ስታደርገው አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ያዘነብላል፤ ለቀቅ ስታደርገው ከነፋሱ ይሸሻል። አንድ ጣት ስባ፣ አንድ ጣት ለቅቃ፣ ጀልባዋ ስትመልስላት ታያለች። ወንድሟም የአፍንጫውን ሸራ ገመድ እየሞከረ የኋላው ተቃራኒ መሆኑን ደረሰበት፤ እሱ ሲሰበሰብ ከነፋሱ ትሸሻለች። ተያይተው ሳቁ።

ምሽጉ ከፊታቸው ብቅ ሲል ፀሐይዋ አዘንብላለች። ግራጫ ግንብ ነው፤ ከደሴቱ ዓለት ጋር አንድ ሆኖ የበቀለ የሚመስል። ሻለቃው በርቀት መነጽሩ አየና መነጽሩን ለጀልባ ሠሪው ሰጠው። በግንቡ አናት ላይ ያሉት መድፎች ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተዋል። አፋቸው ወደ ከተማው ነው።

ወደ ወደቡ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ በደሴቱና በየብሱ ዓለት መካከል ያልፋል። እዚያ ለመግባት ወደ ቀኝ፣ ነፋሱን ወደ ጀርባ አድርጎ መዞር ያስፈልጋል። ወንድምየው መሪውን ሊያዞር እጀታውን ወደ ደረቱ ሳበ። በዚያው ቅጽበት ከግራ የመጣ ትልቅ ማዕበል የመሪውን ሳንቃ በጎን መታው። የተሰነጠቀው ብረት ለቀቀ፤ የታችኛውም ተከተለው። ሳንቃው ከውሃው ላይ ተገለባብጦ ወደ ኋላ ቀረ። ወንድምየው የተሰበረውን እጀታ እንደ በትር ይዞ ቆመ።

ከሁለቱም ወገን ዓለት ነው። ሻለቃው ምን እንደሆነ ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

የሸራ ሰፊዋ እጅ ግን የኋላውን ሸራ ገመድ እንደያዘ ነበር፤ በገመዱም በኩል ጀልባዋ እያናገረቻት ነበር። ወንድሟን ጠራችው።

«ወንድምዓለም፣ እጀታውን ጣለውና የአፍንጫውን ሸራ ያዝልኝ። ሳብ ስልህ ሳብ።»

የኋላውን ሸራ እስከ ጫፉ ለቀቀችው። ወንድሟ የአፍንጫውን ሳበ። ባሏ ሳይነገረው የትልቁን ሸራ ገመድ ለቀቅ አደረገና ሻለቃውንና ወታደሩን በግራ ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው፤ ጀልባዋ ከጋደለችበት ቀና ስትል የመዞር ፍላጎቷ እንደሚቀንስ ቀፎዋን ሲፈትሽ አውቆታል። አፍንጫዋ ለአፍታ አመነታ። ከዚያ ወደ ቀኝ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በፍጥነት። በጣም ሲበዛ ሸራ ሰፊዋ የኋላውን ሰበሰበች፤ ቆመ። የግራው ዓለት በእጅ የሚነካ እስኪመስል በጎናቸው አለፈ፤ ላዩ ላይ ያለው እርጥብ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ይታያል። ሳብ፣ ልቀቅ፣ ሳብ። ሌላ ቃል አልነበረም። ሦስት ሸራና ሦስት ሰው፣ መሪ የሌላትን ጀልባ በነፋሱ ብቻ ይዘው በጥርሶቹ መካከል አሳለፏት።

ከግንቡ ጭስ ወጣ፤ ድምፁ ቀጥሎ መጣ። ከፊታቸው ውሃው እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ ተነሳና ተመልሶ ወደቀ። ወደ ባሕሩ የቀረ መድፍ ነበር ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

«አቁሙኝ» አሉ እመቤቲቱ።

ሻለቃው ገመዳቸውን ፈታ። እሱ በአንድ ወገን፣ ወታደሩ በሌላ ወገን ይዘዋቸው ወደ አፍንጫዋ ሄዱ። እግራቸው ደካማ ነው፤ ጀልባዋ ግን አልተወራጨችም፤ እንደ ምንጣፍ አስኬደቻቸው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጥቁሩን የራስ መሸፈኛቸውን በገዛ እጃቸው ገፈፉትና ለነፋሱ ሰጡት። ነጭ ፀጉራቸው ተበተነ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አቅንተው ቆሙ። እጃቸውን አላወዛወዙም፣ አልጮኹም።

ሁለተኛ ጥይት አልመጣም።

ከምሽጉ የድንጋይ ደረጃ አጠገብ ሲደርሱ ሸራ ሰፊዋ የአፍንጫውን ሸራ አስፈታች፣ የኋላውን ጥርቅም አድርጋ ሳበች። ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ ሸራዎቿ ላላ ብለው፣ በደረጃው ጎን ቆመች። ጀልባ ሠሪው ዘሎ ገመድ አሰረ።

አዛዡ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ጢሙ የሸበተ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው የብረት ልብስ በአንድ ወገን ብቻ ተቆልፏል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ እግሩ ውሃ ውስጥ መግባቱን አላወቀም። «እማማ» አለ፣ እንደ ትንሽ ልጅ፤ እጆቹንም ዘረጋ።

እመቤቲቱ ከጀልባዋ አልወረዱም።

«መጀመሪያ መድፎቹን አዙር» አሉት። «ከዚያ ትስመኛለህ።»

አዛዡ እጆቹን እንደዘረጋ ቆመ። ሻለቃው አጠገባቸው ነበር፤ ጎራዴው ከወንበሩ ሥር እንደቀረ ነው። ከዚያ አዛዡ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጮክ ብሎ አዘዘ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ የመድፎቹ መንኮራኩር በድንጋዩ ወለል ላይ ሲፋጭ ሰሙ፤ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ረጅም፣ ጆሮ የሚያሳክክ ድምፅ። ድምፁ ሲያበቃ እመቤቲቱ እጃቸውን ሰጡት፤ እሱም እንደ ሕፃን አቅፎ ከጀልባዋ አወጣቸው። ወደ ላይ ሲወጣ እናቱ አንገቱ ውስጥ ተሸጉጠው፣ የእሱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ንጉሡ ይማሩት አይማሩት ገና ማንም አያውቅም። ሻለቃው ጎራዴውን አነሳና ተከተላቸው።

ወንድምየው ከደረጃው ላይ ተንጋሎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ባልና ሚስት ግን አልተኙም። ከግንቡ ጥግ፣ ከተማው በሙሉ በሚታይበት ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሸራ ሰፊዋ መዳፍ በገመዱ ተልጦ ነበር፤ ባሏ እጇን ወስዶ በጉልበቱ ላይ አኖረውና የእጁን አቧራ በሸሚዙ ጠርጎ በላዩ አደረገበት። ፀሐይዋ ከኋላቸው ወደ ባሕሩ ገባች። ከታችኛው ሰፈር የአንድ ሰው የመዶሻ ድምፅ፣ የአንድ ውሻ ጩኸት በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ስለ መድፎቹ ምን ያህል እንደሚያውቁ አይታወቅም። ከዚያ መብራት በራ። ጎኑ ሌላ በራ፣ ከበላዩም ሌላ፤ መስኮቱ ሁሉ በየተራው እየበራ ሄደ። ከመካከላቸው የቱ የልጃቸው እንደሆነ ለመለየት ብዙ ሞከሩ። አልቻሉም። ስለዚህ ሁሉንም እያዩ ተቀመጡ።